የአበበ ቢቂላ እግሮችና የእኛ ዳሌ

ውድ አንባቢ፣ መኖሪያዎ በቀየት ወይም በሌላው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ ከሆነ መንገድ ማለት ለእርስዎ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው ሁሉም በእግር ነው። በእንዲህ ያለ አገር እግር ሲታመም ሥራ ይቆማል፤ ቤትም ይጎድላል። ለዚህም ይመስላል ብዙ ሰው ዳሌውን ወይም ብሽሽቱን ሲያመው ለማንም ሳይናገር እያነከሰ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚገፋው። ብርድ ነው፣ ድካም ነው፣ እርጅና ነው ይባልና ይታለፋል።

በዛሬው ዓምዳችን የዳሌ መገጣጠሚያ ሲጎዳ አረማመድን እንዴት እንደሚያበላሽ የምንነግርዎ የአንድ ሰው ሕይወት ይዘን ነው። ሰውየው በሸዋ ደጋ ተወልዶ፣ በእግሩ ዓለምን አስደንቆ፣ በመጨረሻም በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የዋለው ሻምበል አበበ ቢቂላ ነው። አንድ ነገር ከመጀመሪያው ግልጽ እናድርግ፤ አበበን ከሩጫ ያስቆመው የዳሌ በሽታ አልነበረም። ነገር ግን የእግር ክፍሎች እንዴት እንደተሳሰሩ፣ አንዱ ሲጎዳ ሌላው እንዴት ዕዳውን እንደሚከፍል፣ ሰውም መቼ ቆም ማለት እንዳለበት የእርሱ ታሪክ በደንብ ያሳያል።

በደጋ ያደገ እግር

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም በሸዋ በምትገኘው ጃቶ በተባለች የገጠር መንደር ነው። በዚያው ዕለት በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ የኦሊምፒክ ማራቶን ይካሄድ ነበር። ሕፃኑ ግን ከዚያ ዓለም በጣም ርቆ ነው ያደገው። እንደ ማንኛውም የደጋ ልጅ ሜዳውንና ተረተሩን በባዶ እግሩ ሲረግጥ፣ በበዓል ሰሞን ደግሞ ገና ሲጫወት አደገ። የገናን ጨዋታ የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን ምን ያህል እንደሚያስሮጥ አይጠፋውም።

ይህ ዓይነቱ አስተዳደግ ለዳሌ ምን እንደሚጠቅም ለመረዳት መገጣጠሚያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የጭን አጥንት የላይኛው ጫፍ እንደ ኳስ ድቡልቡል ነው። ይህ ኳስ በዳሌ አጥንት ውስጥ እንደ ጽዋ በተቦረቦረ ቦታ ገብቶ ይዞራል። ኳሱም ጽዋውም ካርቲሌጅ በሚባል ነጭ፣ ልሙጥና ለስላሳ ልባስ ተሸፍነዋል። አጥንት ከአጥንት ጋር ሳይፋተግ እንዲንሸራተት የሚያደርገው ይህ ልባስ ነው።

ካርቲሌጅ ሁለት ነገሮች የሉትም፤ የደም ሥርና የሕመም ነርቭ። ነርቭ ስለሌለው መሳሳት ሲጀምር አያምም፤ ሕመሙ የሚመጣው ጉዳቱ በዙሪያው ያሉትን አካላት ሲነካ ነው። የደም ሥር ስለሌለው ደግሞ ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ሲረግጡ እንደ ስፖንጅ ይጨመቃል፤ እግርዎን ሲያነሱ ፈሳሹን መልሶ ይመጣል። ስለዚህ መራመድ ለዳሌ ምግቡ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ መሄድ ዳሌን ይጨርሳል የሚለው ስጋት ለጤነኛ መገጣጠሚያ አይሠራም። ለጤናቸው ሲሉ በመጠኑ የሚሮጡ ሰዎች ተቀምጠው ከሚውሉት ይበልጥ በዳሌ ካርቲሌጅ መሳሳት እንደማይጠቁ ጥናቶች ያሳያሉ።

የሕፃናትን ነገር እዚህ ላይ ሳናነሳ አናልፍም። አንዳንድ ሕፃን ኳሱ ከጽዋው በደንብ ሳይገጥም ይወለዳል። እግሮቹን ዘርግቶና አጣብቆ አጥብቆ መጠቅለል ይህን ያባብሳል። እግሮቹን ከፍቶ ጀርባ ላይ ማዘል ግን ለዳሌ ይስማማል። የልጅዎ አንዱ እግር ካጠረ፣ የጭኑ እጥፋቶች ግራና ቀኝ ካልተመሳሰሉ ወይም ዳይፐር ሲቀይሩ አንዱ ጭን አልከፈት ካለ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ። በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምናው ቀላል ነው፤ ከዘገየ ግን በጎልማሳነት ዕድሜ ካርቲሌጁን የሚጨርስ ችግር ይሆናል።

ሮም ላይ የታየው እርምጃ

አበበ በወጣትነቱ አዲስ አበባ መጥቶ በክቡር ዘበኛ ተቀጠረ። ከሱሉልታ ኮረብቶች እስከ አዲስ አበባ በየቀኑ እየሮጠ ይመላለስ ነበር። ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ችሎታውን አይተው ያዙት። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም፣ አገር ቤት ዘመን መለወጫ ሊነጋ ሲል፣ አበበ በሮም ጎዳና ላይ ለማራቶን ቆመ። የቀረበለት ጫማ ስላልተመቸው እንደ ልምምዱ በባዶ እግሩ ሮጠ። ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲደርስ ለአፍሪካ ጥቁር ሕዝብ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ።

የዚያን ምሽት ፊልም ያየ ሰው ትከሻው እንደማይወዛወዝ፣ ወገቡ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እንደማይወድቅ ያስተውላል። ጤነኛ ዳሌ ሥራውን ሲሠራ አይታወቅም። እርስዎም ቀስ ብለው ሲራመዱ ዳሌዎ ይህንኑ ይሠራል። ተረከዝዎ መሬት ሲነካ ጭንዎ ወደ ፊት 30 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል። ሰውነትዎ በእግሩ ላይ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ጭኑ ከወገብዎ ወደ ኋላ 10 ዲግሪ ያህል ይዘረጋል። ይህ ወደ ኋላ የሚሄድ ትንሽ እንቅስቃሴ እርምጃን የሚያስረዝም ነው።

በአንድ እግር የቆሙባት ቅጽበትም አለች። ሌላው እግር በአየር ላይ ሳለ ወገብ በዚያ በኩል እንዳይወድቅ የሚይዘው በቆሙበት ዳሌ ጎን ያለው ጡንቻ ነው። ጡንቻው በኃይል ስለሚጎትት በዳሌው ላይ የሚያርፈው ጭነት ከሰውነት ክብደት ሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በየእርምጃው ከ150 እስከ 180 ኪሎ የሚሆን ጭነት በአንድ ዳሌው ያልፋል ማለት ነው። ጤነኛ ካርቲሌጅ ይህን ሁሉ ዕድሜውን ይሸከማል። የተጎዳው ግን አይችልም።

ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ የሆነውም ትምህርት አለው። ውድድሩ አምስት ሳምንት ያህል ሲቀረው አበበ በትርፍ አንጀት ሕመም ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም ግን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ፤ የኦሊምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ከዚያም መሬት ላይ እንደመውደቅ በስታዲየሙ ሣር ላይ ሰውነቱን እያሳሳበ ማፍታታት ጀመረ፤ ተመልካቹም በግርምት አየው። ከሥራ በኋላ መገጣጠሚያን ማፍታታት ለሯጭ ብቻ አይደለም። ሲያጭድ፣ ሲያርም ወይም ሲፈጭ ጎንበስ ብሎ ለዋለ ዳሌም ያስፈልጋል።

እግሩ መናገር ሲጀምር

በ1959 ዓ.ም ክረምት አበበ የጭኑ የኋላ ጡንቻ ተጎዳ። ይህ ጡንቻ ከመቀመጫ አጥንት ተነስቶ ከጉልበት በታች የሚያያዝ በመሆኑ ዳሌንም ጉልበትንም ያንቀሳቅሳል። ጉዳቱ በሚገባ አልለቀቀውም። ለሜክሲኮ ኦሊምፒክ ሲዘጋጅ ደግሞ የግራ እግሩ የቅልጥም አጥንት ላይ ስብራት ተገኘበት። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም ውድድሩን ጀመረ፤ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ግን አቋረጠ። ድሉን የጓዱ ማሞ ወልዴ እግሮች ለኢትዮጵያ አመጡት።

ያን ያህል ስም ያለው ሰው መንገድ ዳር መቆም ምን ያህል እንደሚከብደው ያስቡት። እርስዎስ? እግርዎ እያመመዎት ስንት 17ኛ ኪሎ ሜትር አልፈዋል? አበበ የቆመበት ጉዳት የአጥንትና የጡንቻ ነበር። የእርስዎ የዳሌ ካርቲሌጅ ከሆነ ግን እንደ ስብራት ጮሆ አይናገርም፤ በአረማመድ ላይ ቀስ በቀስ ይጽፋል። ጽሑፉን እንዴት እንደሚያነቡት እንንገርዎ።

ከሚጠፉት አንዱ ያ ጭን ወደ ኋላ የሚዘረጋበት እንቅስቃሴ ነው። መገጣጠሚያው ሲደርቅ ጭን ወደ ኋላ መሄድ ስለማይችል እርምጃ ያጥራል። ሰውየው እርምጃውን ለማስረዘም ወገቡን ወደ ፊት ያጎብጣል፤ ስለዚህ የዳሌው ችግር የወገብ ሕመም ሆኖ ይመጣል።

ጭንን ማሽከርከርም ያስቸግራል። ጫማ ማሰር፣ የእግር ጥፍር መቁረጥ፣ እግር ማጣጠፍ፣ በቅሎ ላይ መውጣት፣ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ መቀመጥ ይከብዳል።

ከዚያ ማንከስ ይመጣል። ሰውየው በታመመው እግሩ ሲቆም ደረቱን ወደዚያው ወደታመመው ጎን ይጥላል። ይህ ሳያስበው የሚያደርገው ብልሃት ነው፤ ክብደቱን ወደ መገጣጠሚያው ሲያስጠጋ የጎን ጡንቻው ብዙ መጎተት አይኖርበትም፣ ጭነቱም ይቀንስለታል። በታመመው እግር የሚቆምበትም ጊዜ ያጥራል። ጡንቻው ሥራ ሲፈታ ግን ይሰልላል፤ ሲሰልል ወገብን መያዝ ያቅተዋል፤ ማንከሱም ይብሳል።

ጉልበትና ቁርጭምጭሚትም ከዕዳው አያመልጡም። ዳሌው ስለማይዘረጋ ጉልበት በመጠኑ ታጥፎ ይቀራል፤ ቁርጭምጭሚት ደግሞ መሬቱን ገፍቶ ሰውነትን የሚያስፈነጥርበት ኃይል ይቀንሳል። ጤነኛው እግር የሁለቱን ሥራ ይሠራል። ስለዚህ በቀኝ ዳሌው ታሞ ከዓመታት በኋላ ግራ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ የሚመጣ ሰው አያስደንቅም።

የሕመሙ ቦታም ያሳስታል። የዳሌ መገጣጠሚያ ሲታመም ብዙ ጊዜ የሚሰማው በብሽሽት ነው። አንዳንዴ ግን በጭን በኩል ወርዶ ጉልበት ላይ ብቻ ይሰማል፤ ጉልበቱ ቢመረመር ምንም አይገኝበትም። ስለዚህ እርስዎ ወይም ልጅዎ ጉልበት አሞት እያነከሰ ጉልበቱ ደህና ነው ከተባለ ዳሌውም እንዲታይ ይጠይቁ። በተለይ ከ10 ዓመት በላይ ያሉ ልጆች የጭን አጥንታቸው ኳስ ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል ይህ ጥያቄ እግራቸውን ሊያተርፍ ይችላል።

መቼ መቆም ይገባል?

የሚከተሉት ካሉ ነገ ሳይሉ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ከወደቁ በኋላ በእግርዎ መቆም ካቃተዎት፤ እግሩ ካጠረ ወይም ወደ ውጭ ከዞረ፤ ትኩሳት ካለበት የዳሌ ሕመም ጋር ልጅዎ አልረግጥም ካለ፤ ሕመሙ ሌሊት ከእንቅልፍ ካስነሳዎት፤ ከሳልና ከክሳት ጋር ከሆነ። የመገጣጠሚያ መመርቀዝ ካርቲሌጅን በቀናት ውስጥ ይበላል። የሳንባ ነቀርሳ የሚያስከትለው ተሕዋስም በዳሌ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ በመድኃኒት ይድናል።

ዳሌ ከቦታው ሲወልቅ ወጌሻ ጋር ወስዶ ማሸት አደገኛ ነው። ኳሱ በወለቀበት ሰዓት የደም ሥሮቹ ይታጠፋሉ፤ በስድስት ሰዓት ገደማ ውስጥ ወደ ቦታው ካልተመለሰ አጥንቱ ደም አጥቶ የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። አጥብቆ ማሰርም ደም አግዶ እግርን እስከማስቆረጥ ያደርሳል። ሰውየውን ሳያስረግጡ በቃሬዛ ወደ ሆስፒታል ያድርሱት።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንደ ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ያሉ መድኃኒቶችን ለረጅም ጊዜ መዋጥም፣ አልኮል ማብዛትም የኳሱን ደም ሥር ይዘጋሉ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ሕመም ቢያስታግሱ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ለወራት የሚዋጡ አይደሉም።

ካርቲሌጁ መሳሳት ጀምሮ ከሆነ ደግሞ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ። ክብደትዎ ከልክ በላይ ከሆነ ይቀንሱ፤ አንድ ኪሎ ሲቀንሱ ከዳሌዎ ላይ በየእርምጃው ከሁለት ኪሎ በላይ ይወርዳል። ከዘራ ይያዙ፤ የሚይዙት ግን ከታመመው ጎን በተቃራኒው እጅ ነው። ቀኝ ዳሌ ከታመመ ከዘራው በግራ ነው። ብዙ ሰው በታመመው በኩል ይይዘዋል፤ ይህ ጥቅሙን ያሳጣዋል። በቅዳሴ ረጅም ሰዓት ሲቆሙም መቋሚያዎን በዚሁ መንገድ ይደገፉ። ጠዋትና ማታ በደረትዎ ተኝተው ለአሥር ደቂቃ ይቆዩ፤ ጭንዎ ወደ ኋላ የመዘርጋት ልማዱን እንዳይረሳ ያደርጋል። በጤነኛው ጎንዎ ተኝተው የታመመውን እግር ቀጥ አድርገው አሥር ጊዜ ወደ ላይ ያንሱ፤ የጎኑን ጡንቻ ያጠነክራል። የሚወጋ ሕመም ከመጣ ያቁሙ። ሸክም ይከፋፍሉ፤ መራመድን ግን ጨርሰው አይተዉ።

ይህ ሁሉ ካልበቃ የተበላውን መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ መተካት ይቻላል። አበበ በሮምና በቶኪዮ ባሸነፈባቸው ዓመታት መካከል፣ እ.አ.አ በ1962፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ የብረት ኳስና የፕላስቲክ ጽዋ አጣምረው የዛሬውን ሕክምና መሠረት ጣሉ። ሕክምናው በአገራችንም በከፍተኛ ሆስፒታሎች ይሰጣል።

ያልቆመው አበበ

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ምሽት አበበ ሲነዳት የነበረችው ቮልስዋገን ተገለበጠች። አከርካሪው ተጎዳ፤ በመጀመሪያ ከአንገቱ በታች መንቀሳቀስ አልቻለም። ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ ግን ዳግም አልቆሙም።

ስቶክ ማንደቪል ሐኪሙ ሉድቪግ ጉትማን አከርካሪያቸው የተጎዳ ሰዎችን በስፖርት ማከም የጀመሩበት ቦታ ነው። የማይንቀሳቀስ እግርም ቢሆን ዳሌው በሌላ ሰው እጅ በየቀኑ ካልተንቀሳቀሰ ታጥፎ ይደርቃል፤ ካርቲሌጁም ምግቡን አጥቶ ይሳሳል። ቤትዎ ውስጥ በስትሮክ ወይም በአደጋ አልጋ ላይ የዋለ ቤተሰብ ካለዎት ይህን ይያዙ። ጭኑን ቀስ ብለው ያጥፉለት፣ ይዘርጉለት፣ ወደ ጎን ይክፈቱለት፤ ሰውነቱን በየሁለት ሰዓቱ ያገላብጡት። አዛኝ መስሎን ዝም ብለን ያስተኛነው ሰው የሚያጣው ብዙ ነው።

አበበ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በ1962 ዓ.ም ክረምት በዚያው በእንግሊዝ በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በተከታዩ ዓመት በኖርዌይ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲታይ ስታዲየሙ ተነስቶ አጨበጨበለት። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም በአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር ንጉሠ ነገሥቱን ጨምሮ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሸኘው።

ውድ አንባቢ፣ ነገ ጠዋት ወደ ገበያ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ የቤተሰብዎን አረማመድ ከኋላ ሆነው ይመልከቱ። እናትዎ ወደ አንድ ጎን ይጥሉ ይሆን? የአባትዎ እርምጃ ካለፈው ዓመት አጥሮ ይሆን? ልጅዎ አንዱን እግር ይቆጥብ ይሆን? አበበ በሜክሲኮ ቆም ማለት ባስፈለገው ጊዜ ቆሟል፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ደግሞ መንቀሳቀስ ባስፈለገው ጊዜ ተንቀሳቅሷል። እርስዎም ማንከስን አይደብቁ፤ ዳሌው ሳያልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።